ናሳ ከነሙሉ አባላቱ

ለሚመለከተው ሁሉ ይታወቅ ዘንድ፦ የናሳ ባንድ መሥራችና ከበሮ መቺ አኒዬሎ ቴራቺያኖ በእመቤታችን በዓል ዕለት፣ ከምሳ በፊት፣ ጆሮውን ታጠበ።

ሥርዓቱ የተፈጸመው ኩሽና ውስጥ ነው። አኒዬሎ ቀኝ ጉንጩን ጠረጴዛው ላይ ለጥፎ፣ ግራ ጆሮውን ወደ ጣሪያው ገትሮ ተቀምጧል። ሚስቱ ኢማኮላታ ለብ ያለ የወይራ ዘይት በማንኪያ አንጠባጠበችለት፣ ትንሽ ጠበቀች፣ ከዚያ ትከሻውን ነካ አድርጋ ቀና አደረገችው።

“ቅድም ከኋላህ ሳህን ጥዬ ነበር። ሰማህ?” አለችው ፊት ለፊቱ ቆማ።

“እንዴት አልሰማም! ደንግጬ ልሞት።”

“አልጣልኩም።”

አኒዬሎ አንገቱ ላይ የወረደውን ዘይት በፎጣ መጥረግ ጀመረ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የአኒዬሎ ግራ ጆሮ ግን ለሁሉም እኩል ባዳ ከሆነ አራት ዓመቱ ነው። የቀኙም እንደ ሰነፍ ተላላኪ ነው፤ ከተላከው መልእክት ግማሹን ብቻ ያደርሳል። ልጁ የገዛችለት የጆሮ መሣሪያ ከበሮ በመታ ቁጥር እንደ ሻይ ማንቆርቆሪያ ስለሚያፏጭ ትቶታል። ከኢማኮላታና ከልጁ በቀር ይህን የሚያውቅ አንድም ሰው የለም።

“ንገራቸው” አለች ኢማኮላታ። “ሰባ አንድ ዓመትህ ነው። ማን ይፈርድብሃል?”

“ሳባቲኖ።”

“ሳባቲኖ ራሱ ሰማንያ ሊሞላው ነው እኮ!”

“እሱ ፒያኖ ነው የሚጫወተው። ፒያኖ ተጫዋች ሲያረጅ ‘ጠለቀ’ ይሉታል። ከበሮ መቺ ሲያረጅ የኖላውን ልጅ ይጠራሉ።”

የኖላው ልጅ ጉዳይ የመጣው ረቡዕ ዕለት ነው። ልምምዳቸው እንደ ወትሮው በሳባቲኖ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነበር። ከዋናው ዘፈናቸው መካከል “መዞሪያ” የሚሉት ቦታ አለ፤ ከቬሱቪዮ ተራራ ጀርባ ካሉ ገበሬዎች በዓል የወሰዱት ነው። እዚያ ላይ ሁሉም ዝም ይላል። ዘፋኟ ግጥሙን እንዳሻት ትስበዋለች፤ ሲያሰኛት ታሳጥረዋለች፣ ሲያሰኛት ሕዝቡ እስኪጨነቅ ታስረዝመዋለች። ከበሮ መቺው እጁን ከቆዳው በላይ አንጠልጥሎ ይጠብቃታል። የመጨረሻዋን ቃል ስትወረውር እጁ ይወርዳል፣ ምቱም ይዞራል። ቀድሞ የዞረ ስድ ነው፣ ዘግይቶ የዞረ ሙት ነው፤ በዚያ አገር ሦስተኛ ዓይነት ከበሮ መቺ የለም።

አኒዬሎ ለአራት ዓመታት ያመለጠው በዘፋኟ በኤርሜሊንዳ ተረከዝ ነው። ኤርሜሊንዳ ቃሏን ልትወረውር ስትል ተረከዟን ታነሣ ነበር፤ እሱም እሷን እያየ ይዞራል። ዘንድሮ ግን ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ተደርጋ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ቀሚሷም መሬት ይጠርጋል። ተረከዙ ጠፋ፤ ረቡዕ ዕለት መዞሪያውም ከተረከዙ ጋር ጠፋ።

“አኒዬ! ተኝተሃል እንዴ?” አለ ሳባቲኖ።

“እያሰብኩ ነው።”

“ከበሮ መቺ ያስባል? ለማሰብ እኮ እኔ አለሁ!”

ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ሳባቲኖ ፍሉት ተጫዋቹን ኦሬስቴን ወደ ጥግ ወስዶ አንሾካሾከለት። መስማት የተሳነው ሰው ግን ከንፈር ማንበብ ይማራል፤ የሳባቲኖ ከንፈር ደግሞ በቆመው መኪና መስታወት ውስጥ ጥርት ብሎ ይታይ ነበር። “ቅዳሜም ከሳተ በቃ” አለ ከንፈሩ። “ኖላ ከተማ ውስጥ አንድ ጎበዝ ልጅ አለ።”

አኒዬሎ ከአሥራ አራት ዓመቱ ጀምሮ ከበሮ መቺ ነው። ተቀጥሮ የነበረበት የመኪና ዕቃ ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት ደመወዝ ከፈለው እንጂ ሥራ ሰጥቶት አያውቅም፤ ሥራው ይኸው ነበር። ስለዚህ ቅዳሜ ጆሮውን በዘይት፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ባንዱ በበዓሉ ወደሚጫወትባት ወደ ካሳልማራ ሄደ።

ናሳ ማለት ዓሣ አጥማጆች ከባሕር ወለል ላይ የሚያስቀምጡት የሸምበቆ ወጥመድ ነው። በሰባዎቹ፣ አራቱም ወንዶች ጸጉር በነበራቸው ዘመን፣ የመጀመሪያው ሸክላቸው ሲወጣ አንድ የጀርመን ጋዜጣ ስሙን ከአሜሪካኖቹ የጠፈር መሥሪያ ቤት የወሰዱት መስሎት የሳባቲኖን ኤሌክትሪክ ፒያኖ “የሳተላይት ድምፅ” ብሎ አወደሰው። ሳባቲኖ አላረመም። ጃዙንና ሮኩን እንደ አሜሪካኖቹ ይጫወቱና ከላዩ የገበሬውን ከበሮ፣ የግሪኩንና የዓረቡን ዜማ ያፈሱበታል። “ሜዲትራንያን ሜዲትራንያን የሚሸት ሙዚቃ” ተባለላቸው። ሁሉም የተወለዱት ባሕሩ በማይታይበት በተራራው ጀርባ ነው፤ ኦሬስቴማ ጀልባ ላይ ሲወጣ ያስመልሰዋል።

የካሳልማራ አደባባይ በር ላይ “ናሳ ከነሙሉ አባላቱ” የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ካታልዶ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ነገር ግን የቤዙ ድምፅ ከድሮው ቅጂ ለብቻው ወጥቶ በማሽን ስለሚለቀቅ፣ ሳባቲኖ “አለ ማለት ነው” ብሎ ወሰነ። የደብሩ ቄስም በሙታን ትንሣኤ የሚያምኑ ሰው ናቸውና አልተቃወሙም።

መድረኩ ጀርባ ኤርሜሊንዳ ማር በጥብጣ እየጠጣች ነበር። ኦሬስቴ ደግሞ በአዲሱ ሰው ሠራሽ ጥርሱ ፊት ለፊቷ ቆሞ ፈገግ ይላል።

“ዝጋው እባክህ፤ ፀሐዩ እያንጸባረቀ ዓይኔን አጠፋው” አለችው።

“እመቤቴ፣ አንቺም ማሩን ቀንሺ። ንብ ይከተልሻል።”

“ድምፄን እያዳንኩ ነው።”

“ከማን?”

ሳባቲኖ በነሐሴ ሙቀት የሱፍ ጓንት አድርጎ ቁጭ ብሏል። “ጣቶቼን እያሟሟቅኩ ነው” አለ ማንም ሳይጠይቀው።

አኒዬሎ ሹልክ ብሎ ከጭነት መኪናው ኋላ ወደ ፊዮሬ ሄደ። ፊዮሬ ለሠርግም ለበዓልም ማጉያ የሚያከራይ ሃምሳ ዓመት የሞላው ወፍራም ሰውዬ ነው። ቋሊማ የተሸጎጠበት ዳቦ ይዞ ማሽኑ አጠገብ ተቀምጧል።

“ፊዮሬ፣ ወንድሜ፣ የካታልዶ ቤዝ ያለበት ቅጂ ላይ… የእኔም ከበሮ አለ አይደል?”

“አለ።”

“እንግዲያው አታጥፋው። ዛሬን ብቻ። ትከሻዬን ትንሽ አሞኛል።”

ፊዮሬ ዳቦውን ገመጠና አንድ ነገር ተናገረ። ከዳቦው በስተኋላ የቀረውን ቃል አኒዬሎ አላየውም። ያልሰማ ሰው እንደሚያደርገው ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ግን ሰጋ።

“ምን አልክ?”

“እሺ ነው ያልኩት! በእናቴ ስም፣ ለማንም ትንፍሽ አልልም።”

“በተለይ ለሳባቲኖ።”

“በተለይ ለሳባቲኖ” አለ ፊዮሬ፤ ቀና ብሎም ሰማዩን አየ።

አኒዬሎ ወደ መድረኩ ተመለሰ። ካታልዶስ ሞቶ ነው ማሽን ውስጥ የገባው፤ እኔ በቁሜ ገባሁ፣ ብሎ አሰበ።

ታቦተ ማርያም እንደሚሸኝ ሁሉ የእመቤታችን ሐውልት በሆታ ዞሮ ቤተ ክርስቲያን ከገባ በኋላ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ ወንበሮቹ ሞሉ። ሳባቲኖ ማይክ ይዞ ስለ ሜዲትራንያን ንግግር አደረገ። ባሕር አይለያይም፣ ያገናኛል አለ። ኪነ ጥበብ አይዋሽም አለ። ከኋላ አንድ ሰው “እራት ደረሰ፣ ጀምሩ!” ብሎ ጮኸ፤ ጀመሩ።

ግሩም ነበር። አኒዬሎ በጫማው ሶል፣ በጣውላው ንዝረት ነው የሚሰማው፤ ባንዱ ካታልዶ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ተጫውቶ አያውቅም። የሳባቲኖ ጣቶች ይበራሉ። የኦሬስቴ ፍሉት በቀኝ ጆሮው በኩል እየተቆራረጠ ይደርሰዋል፤ ቢቆራረጥም እንደ ድሮው ነው። ኤርሜሊንዳማ የሃያ ሦስት ዓመት ልጃገረድ ሆናለች። ማሩ ሠርቷል ማለት ነው! እሱ ብቻ፣ ከእነዚህ ሁሉ ጀግኖች መካከል እሱ ብቻ፣ እንደ ወንፊት ሰፊውን፣ ዙሪያው ቆርቆሮ የተሰካበትን ከበሮ ጉልበቱ ላይ አቁሞ በጣቱ ጫፍ ይዳብሰዋል። ከማሽኑ ጋር እንዳይጋጭ ይጠነቀቃል።

መዞሪያው መጣ። ኤርሜሊንዳ ግጥሙን ሳበችው፤ ልክ በሸክላው ላይ የሳበችውን ያህል፣ አንድ ትንፋሽ ሳትጨምር ሳትቀንስ። ምቱም ያለ አኒዬሎ እጅ በራሱ ዞረ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ሳባቲኖ ዞር ብሎ “ጎሽ!” አለው በከንፈሩ። አኒዬሎ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ግን የገዛ ሠርጉ ላይ ዘግይቶ ደርሶ፣ ያለ እሱ አምሮ ማለቁን ያየ ሰው ሆነ።

አደባባዩ ጥግ ላይ ሊጥ የምትጠብሰው ዶና ቺሬታ፣ ወረፋው ቢረዝምባት፣ ሁለተኛውን የኤሌክትሪክ መጥበሻ የሰካችው በዚህ ጊዜ ነው።

ጣውላው ከአኒዬሎ እግር በታች ሞተ። የማሽኑ ቀያይ መብራቶች ጠፉ። የሳባቲኖ ጣቶች ትንሽ ሮጠው ቆሙ፤ ለሳባቲኖ ምንም አይደለም፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖ ያለ ኤሌክትሪክ ቢያቆም ማን ይፈርዳል። ኤርሜሊንዳ ግን አፏን እንደ ከፈተች ቀረች። ኦሬስቴ ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ ስለነበር ምንም አላወቀም። ጉንጩን ነፍቶ፣ ትከሻውን እየሰበቀ፣ ጣቶቹን በፍሉቱ ላይ እያራወጠ ቀጠለ። ከፍሉቱ ምንም አልወጣም።

ከፊት ረድፍ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል አሉ። ቀስ ብለው መናገራቸው ነበር፤ በዚያ ጸጥታ ግን ሁሉም ሰማ።

“ፍሉቱም በመብራት ነው እንዴ የሚሠራው?”

ኦሬስቴ ዓይኑን ገለጠ።

ሰው ስለ እነሱ አፍሮ ጫማ ጫማውን ያይ ጀመር። ቄሱ የደወሉን ግንብ እንደ አዲስ መረመሩ። ኤርሜሊንዳ ኦሬስቴን አየች፤ ኦሬስቴ ሳባቲኖን አየ፤ ሳባቲኖ ቆዳው ላይ የተጋደሙትን የአኒዬሎን ጣቶች አየ። ሁሉም አንድ ላይ ዞረው ፊዮሬን አዩት። ፊዮሬ ገመድ ፍለጋ ማሽኑ ኋላ ገብቶ ጎንበስ አለ።

“አንተም?” አለች ኤርሜሊንዳ።

“ጥርሱ አስቸግሮኝ ነው” አለ ኦሬስቴ። “አንቺስ?”

“እኔ ብቻ መስሎኝ ስንት ቀን በሐፍረት እንቅልፍ ያጣሁ!”

ሳባቲኖ ያበጡ የጣቶቹን መገጣጠሚያዎች ብብቱ ውስጥ ደበቃቸው።

ኤርሜሊንዳ ሳቀች። ከዚያ፣ ሳቋ ገና ሳያልቅ፣ መዝፈን ጀመረች። አኒዬሎ ይህን ያወቀው ከጉሮሮዋ ነው፤ የአንገቷ ጅማት ሲነሣና ሲወድቅ አየ። ሕዝቡም አንገቱን ቀና ሲያደርግ አየ። እሱ ግን በግራው በኩል ስለሆነች አንዲት ድምፅ አልደረሰችውም። ግጥሙን ከከንፈሯ አወቀው፤ ወደ መዞሪያው እየሄደች ነው። አሁን የሚረዳው ማሽን የለም፣ ተረከዝም የለም። ሳባቲኖ በዓይኑ “ግባ!” እያለው ነው። ሊገምት ይችላል፤ ለአራት ዓመት ገምቶ ኖሯል።

አኒዬሎ ተነሣ። ከበሮውን በብብቱ፣ ወንበሩን በእጁ ይዞ፣ ሕዝቡ ሁሉ እያየው በኤርሜሊንዳ ፊት አለፈና በግራዋ በኩል ቁጭ አለ፤ ቀኝ ጆሮውን ወደ አፏ አስጠጋ።

ዘፈኗን አቆመች። “ምን ሆነሃል?”

“በዚያኛው አልሰማም” አለ አኒዬሎ። የማይሰማ ሰው ድምፁን አይመጥንም፤ ሰገነት ላይ ያሉት ሳይቀሩ ሰሙት። “ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። በይ፣ ከፍ አድርጊው።”

“ከዚህ ከፍ አይልልኝም፣ አኒዬ። የቀረችኝ ይህችው ናት።”

“እንግዲያው ጠጋ በይ።”

ጠጋ አለች። የሻከረው፣ የወረደው ድምፅ ከነትንፋሿ ጆሮው ውስጥ ገባ። ግጥሙን ስትስበው ሸክላው ካቆመበት አልፋ ሄደች። አኒዬሎ እጁን ከቆዳው በላይ አንጠልጥሎ ቃሏን ጠበቀ።