ትርፎቹ ሰባት

በ1981 ዓ.ም. ከአዋሽ ተነሥቼ ዱብቲ የወረድሁት፣ የጥጥ እርሻው ጽሕፈት ቤት የሚገለገልበትን ዳታቤዝ አሮጌና አዲስ እትም አወዳድሬ አንዱን እንድመርጥ ታዝዤ ነበር። ፕሮግራሙ የሠራተኞችንና የቤቶችን ሰንጠረዥ በመለያ ቁጥር ያዛምዳል። አዲሱ እትም ፈጣን ነው፤ አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ አያስመዘግብም። አሮጌው ግን እንግዳ ጠባይ ነበረው፦ ሠራተኞቹን ሲቆጥር 419 ይላል፤ ሲዘረዝር 412 ብቻ ያወጣል።

«ሰባቱ ጂኒዎች ይሆኑ?» ብዬ ሣቅሁ።

መዝጋቢው አቶ ሣህሌ አልሣቀም። «እትዬ ውብነሽ፣ ጠዋት ጠዋት እቆጥራለሁ። ሰባቱ አንድም ቀን ቀርተው አያውቁም።»

ሀምዳ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ባሏን አማንን፣ የቦይ ጠባቂውን፣ ወታደሮች ከወሰዱት ሦስት ዓመቱ ነው። ጽሕፈት ቤቱ «እንዲህ ያለ ሰው ተቀጥሮ አያውቅም» ብሎ እስከ ሐሙስ ቤቱን እንድትለቅ አዟታል።

«ሣህሌ፣ ስሙ አለ?»

«የለም።»

«ትናንት የለም፣ ዛሬ የለም። አንተስ አለህ?»

ከሄደች በኋላ የአሮጌውን እትም መመሪያ ሳገላብጥ ልዩነቱን አገኘሁት። አዲሱ «ሰርዝ» ሲባል ወዲያው ያጠፋል፤ አሮጌው መስመሩን ኮከብ አድርጎበት ይሸሽገዋል እንጂ አያጠፋውም። የተሸሸገውን እንዲያሳይ አዘዝሁት። ሰባት ስሞች ወጡ። አራተኛው፦ አማን፣ ቦይ ጠባቂ፣ ቤት ቁጥር 31።

አቶ ሣህሌ ስሞቹን በጣቱ እየተከተለ አነበበ። «ታዝዤ በእጄ የሰረዝኋቸው ናቸው። የጠፉ መስሎኝ ነበር። እባክዎ፣ ዛሬውኑ ወደ አዲሱ ያዛውሩት፤ እዚያስ ይጠፋሉ።»

በማግስቱ ሀምዳ እኔ ፊት ተቀመጠች። አፋሮች ሲገናኙ ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ ያዩትን አንዱ ለሌላው ሳይሸሽግ ይናገራል።

«አንቺ ምን አየሽ?» አለችኝ።

አቶ ሣህሌ እንዳልናገር ከኋላዋ ራሱን ነቀነቀብኝ።

«ባልሽን አየሁት» አልኋት፤ «ስሙ አለ።»

ዝርዝሩን አተምሁት። አቶ ሣህሌ ወረቀቱን ከእጄ ነጠቀ። ሊቀድደው ነው ስል ማኅተም መትቶ ሰጣት። እርሷ ግን አልተነሣችም፤ የቀሩትን የስድስቱን ስም ደጋግሜ እንዳነብላት ጠየቀች፤ በቃሏ ይዛ ለየቤታቸው ልትነግር ሄደች።

ሐሙስ አለፈ፤ ቤቱን የነካባት አልነበረም። መዝገቡን ወደ አዲሱ እትም አዛወርሁ። ቆጠራው 412፣ ዝርዝሩም 412። አቶ ሣህሌ እንደ ልማዱ በጣቱ እየተከተለ ሲቆጥር ሰማሁት፤ መስመሩ ካለቀ በኋላም ሰባት ቆጠረ።