ካፒቴኑ የሌለበት መጽሐፍ

ጋሽ ጠና ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ መጽሐፍ የሚያነብላቸው ጎረቤታቸው መምህር አሳምነው ነው። ስለ ጠፈር ተጓዦች የሚተርከውን ተከታታይ ልብ ወለድ ያስጀመራቸው ግን ልጃቸው ዮሴፍ ነበር። ሦስተኛው መጽሐፍ ያለቀው ካፒቴኑ መርከቧን ለማዳን ብቻውን ጨለማው ውስጥ ሲቀር ነው። ዮሴፍ ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ሲሄድ፣ «አራተኛው ሲወጣ ካፒቴኑን አብረን እንቀበለዋለን» ብሏቸው ነበር። አራተኛው ወጣ፤ ከዮሴፍ ግን ክረምቱ አልፎም ወሬ አልመጣም።

አሳምነው መጽሐፉን አዲስ አበባ ገዝቶ ሆሳዕና ከተማ እስኪደርስ አውቶቡስ ላይ ጨረሰው። ካፒቴኑ የለም። የቀሩት ተጓዦች አንዲት ፕላኔት ላይ አርፈው ስለ እህል ክፍፍል ይሰበሰባሉ፤ ያጸድቃሉ፤ ደግሞ ይሰበሰባሉ። መናኸሪያው ላይ ሲወርድ ይህን ለሽማግሌው ማንበብ ከበደው።

«ይኼ ጠፈር ነው ወይስ ቀበሌያችን?» ብለው ጋሽ ጠና በመጀመሪያው ቀን ሳቁ። በማግስቱ አልሳቁም። «ካፒቴኑስ?» አሉ።

አሳምነው አዘነላቸውና ዓይኑን ከገጹ ሳያነሣ ከራሱ ጨመረ፤ በሩ ተከፈተ፣ ካፒቴኑ ገባ፣ «ደህና ናችሁ? ከብቱ ደህና ነው? እንሰቱስ?» አለ።

ሽማግሌው ቀና አሉ።

«ጠፈር ላይ እንሰት ማን ተከለ?»

አሳምነው ገጹን ገለጠ።

«አልተጻፈም፣ አይደል?»

«አልተጻፈም፣ ጋሽ ጠና። እንዳይሰለችዎ ብዬ ነው።»

ፊታቸው አመድ መሰለ። «የወንድሜ መርዶ ሳይነገረኝ በፊትም ሰው ሁሉ ማር ሆነብኝ። አንዱ ቅቤ ያመጣል፣ ሌላው ያስቀኛል። ከዚያ ሽማግሌዎች በማለዳ በሬን አንኳኩ። ልጄ፣ ስለ ዮሴፍ ምን ሰማህ?»

«ምንም አልሰማሁም!»

«ማል እንዳልልህ እኛ ጴንጤዎች አንምልም።»

መርዶ የያዘም ሰው «አልሰማሁም» ነው የሚለው። አሳምነው ከራሱ የጨመረበትን ገጽ ፈልጎ ከላይ ጀመረው። «የእህል ኮሚቴው ሰብሳቢ ተነሥተው የአጀንዳውን ሁለተኛ ነጥብ አብራሩ…» አላሳጠረም፤ ድምፁንም አላሳመረም። የተናጋሪዎቹን ስም፣ የስንዴውን ድርሻ፣ የተቃወመውንና ድምፀ ተአቅቦ ያደረገውን፣ ሁሉንም እንደተጻፈ አነበበ። ጋሽ ጠና አገጫቸውን ምርኩዛቸው ላይ አሳርፈው፣ ምስክር እንደሚሰማ ዳኛ ያዳምጡ ነበር። እየቆየ ትከሻቸው ወረደ። ሊያጽናና የመጣ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አያነብም።

«እስከ መጨረሻው እንዲህ ነው?»

«እስከ መጨረሻው።»

«ሞተ ይላል?»

«አይልም። መጣም አይል፣ ሞተም አይል።»

ጋሽ ጠና ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

«እንግዲያው አንብብ» አሉ። «ምንም እንዳትጨምርልኝ።»