የትሬነር ቤት ጽጌረዳ

ዩጂን የቪየናን ወሬ ሊጀምር ሲል ጉሮሮውን ይጠርጋል። ዲምፕና ያንን የጉሮሮ ድምፅ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰምታዋለች፤ በገና ማዕድ፣ በክርስትና፣ በሰው ሠርግ። አሁን ደግሞ እናታቸው ካሲ ትሬነር ሳሎን ውስጥ፣ የሬሳ ሣጥኗ ሳይከደን፣ መቁጠሪያዋ በጣቶቿ ተጠምጥሞ ተጋድማ ሳለች ሰማችው።

"ይቺን ሰምታችኋል አይደል?" አለ ወንድሟ ለለቅሶ ደራሹ። "ሁለቱ የትሬነር ሴቶች፣ ከከተማችን ከክሎኒስ ገበያ አልፈው የማያውቁት፣ ለሦስት ቀን ሽርሽር ቪየና ይሄዳሉ። በሁለተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። ዲምፕና ናት። 'ዩጂን፣ እማዬን ያዟት!' ትለኛለች። የሰማንያ ዓመት አሮጊት! ሰው ገድላ ይሆን ስል፣ ለካ የሙዚየም መስታወት ነክታ ኖሯል። በፖሊስ መኪና ሆቴል ድረስ መለሷቸው!"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። በለቅሶ ቤት መሳቅ ነውር አይደለም፤ ዲምፕናም ሳቁን አልጠላችም። የጠላችው በእናቷ መሳቁን ነው። የያዘችውን የሳንድዊች ሳሕን ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አድርጋ ወንድሟን በክንዱ ወደ ወጥ ቤት ወሰደችው።

"ይቺን ወሬ ቤተ ክርስቲያንም ልታወራት ነው?"

"ከቅዳሴ በኋላ የምናገረውን ጽፌ ጨርሻለሁ። በእሷ ነው የምጀምረው።"

"አትጀምርም።"

"ምን ነካሽ? ሰዉ ይወዳታል። እማዬ ራሷ ስትስቅ አልነበረም?"

"እማዬ ዝም ነበር የምትለው። የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሆነህ ዝም ያለና የሳቀ ሰው አትለይም?"

"እንግዲያው ምን እንደሆነ ንገሪኛ!"

ከነገ ወዲያ ጠዋት ዩጂን መስበኪያው ላይ ይቆማል፤ ካሲ ትሬነርም ለመንደሩ እስከ ዘላለሙ መስታወት ነክታ የተያዘች አሮጊት ሆና ትቀራለች። ዲምፕና ይህን እያወቀች አልነገረችውም። ለእናቷ የገባችው ቃል ነበረባት።

ቃሉ ስለ ዳንቴል ነው። በክሎኒስ ኮረብታዎች ላይ ዳንቴል የሚሠራ ቤት ሁሉ የራሱ አበባ አለው። እናት ለሴት ልጇ በሩን ዘግታ ታሳያለች። ጎረቤት ከመጣ ሥራው ሽርጥ ሥር ይገባል፤ ጨዋ ጎረቤትም ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ ትቀመጣለች። የትሬነር ቤት አበባ ባለ አምስት ቅጠል ጽጌረዳ ናት። አምስተኛዋ ቅጠል ላይ ኪሮሹ አንዲት ዓይን፣ አንዲት የክር ቀለበት፣ ይዘላል። የካሲ አያት ናት የጀመረችው፤ ዳንቴሉን በሚገዛው ነጋዴ ሣጥን ውስጥ የስንቱ ቤት ሥራ ሲደባለቅ የራሷን በዚያች ክፍተት ትለያለች። ለሌላ ሰው ግን ስህተት ትመስላለች፤ ከገዢዎቹ አንዱ እንዲያውም "ይቺ ሴት መቁጠር አታውቅም" ብሏል ይባላል። ለወንድ ልጅ አይነገርም። ዩጂን እዚያ ቤት አድጎ የሚያውቀው ሥራዋ ላይ ያቀረቀረች እናቱን ጀርባ ብቻ ነው። ዲምፕና ግን ትምህርቷን በአሥራ ሦስት ዓመቷ ትታ ቤት በዋለች በሳምንቱ ተማረችው። ከዚያ ሠላሳ ዓመት በዶሮ ፋብሪካ ዶሮ ስትበልት ጣቶቿ ቢደነድኑም አልረሳችውም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ከአጥር ማዶ ያሉት አሮጊት ፊሎሚና መጡ። ሣጥኑ አጠገብ ተቀምጠው የካሲን እጅ ሲያዩ ቆዩና ወደ ዲምፕና ጆሮ ጠጋ አሉ።

"እግዜር ያጥናሽ ልጄ። ጽጌረዳዋም አብራ ልትቀበር ነው በይኛ።"

"እንዴት እትዬ ፊሎሚና?"

"አንቺ ሴት ልጅ የለሽ። ለማን ታሳዪዋለሽ?" አሮጊቷ ድምፃቸውን ይበልጥ ዝቅ አደረጉ። "ስድሳ ዓመት እዚህ ቤት ፊቴን አዙሬ ሻይ ጠጥቻለሁ። አንድ ቀን ብቻ በማንቆርቆሪያው ላይ ጥላዋን አየሁ። እሱንም ተናዝዣለሁ።"

"አባ ምን አሉዎት?"

"ምን ይላሉ፣ 'ለመሆኑ ምን ትመስላለች?' አሉኝ። አልነገርኳቸውም።"

ዲምፕና ሳቋ አመለጣት። ከሳቋ ኋላ ግን የአሮጊቷ ጥያቄ ደረቷ ውስጥ ቁጭ አለ። ለማን?

ቪየና ትዝ አለቻት።

ዲምፕና ሃምሳ ዓመት ሲሞላት ነበር የሄዱት፤ ካሲ "ከመሞቴ በፊት ንጉሥ የኖረበት ከተማ ልይ" ስላለች። ካሲ በእሑድ ካፖርቷ፣ ኮፍያዋን ደፍታ፣ ከተማውን ልትረከብ እንደመጣች ሰው ትራመድ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ፊት ቆማ ቀና አለች፤ አርባ ዓመት ትምህርት ቤት ያጸዳች ሴት ናትና "ይህን ሁሉ መስኮት ማን ይወለውላል?" አለች። ዳቦውን አልወደደችውም። ኬኩን ሁለቴ አስደገመች።

በሁለተኛው ቀን ዝናብ ጣለ፤ ሽንት ቤት ፍለጋ ነው ሙዚየሙ የገቡት። ሲወጡ ካሲ አንድ የመስታወት ሣጥን ፊት ቀጥ ብላ ቆመች። ከመብራት በታች የዳንቴል አንገትጌ ተዘርግቷል።

"ዲምፕና፣ መነጽሬን።"

ቆጠረች። እንደገና ቆጠረች። ጣቷ መስታወቱን ነካና ደወሉ ጮኸ።

"ይቺ የእኛ ናት" አለች ካሲ ለደረሱት ሁለት ዘበኞች። "የአያቴ እጅ ነው።"

ወደ አንድ ቢሮ ወሰዷቸው። ዲምፕና ለዩጂን የደወለችው ያኔ ነው፤ ደንግጣ፣ ምንም ሳታውቅ። ያቺን የዘጠኝ ዓመት ቀልድ ለወንድሟ ያቀበለችው ራሷ ናት፤ ያም ነው ይበልጥ የሚያንገበግባት።

ቋንቋቸውን የምትናገር አንዲት ሽበታም ሴት መጣች። የዳንቴሉ ኃላፊ ናት። አንገትጌው የቬኒስ ሥራ እንደሆነ፣ የሠሪው ስም እንደማይታወቅ በትሕትና አስረዳች።

"አምስተኛዋን ቅጠል ቁጠሪ" አለቻት ካሲ። "የፈለግሽውን ጽጌረዳ ያዢ። አንዲት ዓይን ይጎድላል።"

ሴትየዋ አንገትጌውን አስወጥታ በአጉሊ መነጽር ቆጠረች። አሥራ አንድ ጽጌረዳ፤ አሥራ አንዱም ላይ ጎድሏል። ቀና ስትል ካሲ ከቦርሳዋ ኪሮሽና ክር አውጥታ ጀምራለች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በሩ ተከፍቶ፣ ባዕድ እያየ፣ በሽርጥ ሳትከልል ሠራች። ስትጨርስ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ጽጌረዳዋን አንገትጌው አጠገብ አኖረቻት። ሽበታሟ ሴት ከወንበሯ ተነሥታ ቆመች። ዘበኞቹም ኮፍያቸውን አወለቁ። ዩጂን የፖሊስ የሚለው መኪና የሙዚየሙ መኪና ነበር፤ በር ከፍተው፣ ክንዷን ደግፈው ነው ያስገቧት።

"ለማንም አትናገሪ" አለቻት ካሲ ሆቴል ሲገቡ። "ዩጂን ይሳቅ፣ ምን ቸገረኝ። ምልክቷ ግን አንድ ጊዜ ክሎኒስ ውስጥ ከታወቀች ሁሉም ይሠራታል።"

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ጠዋት፣ የካሲ ሣጥን ሊከደን ሲል፣ ቤቱ በጎረቤት ሞልቷል። ዩጂን ጥቁር ኮቱን ለብሶ ወረቀቱን ደረት ኪሱ ውስጥ ከትቷል። ዲምፕና የእናቷን ወንበር ከመስኮቱ ሥር ጎትታ አመጣችና መሐል ቤት፣ ፊቷን ወደ ሰው አድርጋ ተቀመጠች። ኪሮሹን አወጣች።

ፊሎሚና እንደ ልማዳቸው ፊታቸውን ወደ ምድጃው አዞሩ።

"አይዙሩ፣ እትዬ ፊሎሚና። ይቅረቡ።"

"ኧረ ልጄ፣ ካሲ እዚህ ተኝታ..."

"እማዬ ባዕድ ፊት ሠርታታለች። እናንተ ፊት መሥራት ነው ነውር? ይቅረቡና ይቁጠሩ።"

እየሠራች ነገረቻቸው፤ ሽንት ቤቱን፣ ደወሉን፣ አሥራ አንዱን ጽጌረዳ፣ ተነሥታ የቆመችውን ሴት። የሳቀ የለም። ፊሎሚና ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይቆጥራሉ። አምስተኛዋ ቅጠል ላይ ኪሮሹ አንዲት ዓይን ሲዘል "አ!" አሉ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። "አንቺ ካሲ! ይቺን ነው ስድሳ ዓመት የደበቅሽን!"

ዩጂን ወደ ወንበሩ ጠጋ አለ።

"ለምን አልነገራችሁኝም?"

"ወንድ ስለሆንክ" አለች ዲምፕና ከሥራዋ ቀና ሳትል። "ደግሞ ስለምትስቅ።"

"እኔ... ባውቅማ ኖሮ፣ ዲምፕና..."

"አሁን አወቅህ።"

ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ተነሣች። መርፌ ቁልፍ ከቀሚሷ ነቀለች።

"ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ሰዉ ይቺ ምንድን ናት ይልሃል። የቪየናን ወሬ አውራው፤ አልከለክልህም። እንደሆነው ግን አውራው።"

ዩጂን ወረቀቱን ከደረት ኪሱ አወጣና አጣጥፎ ምድጃው ውስጥ ጣለው። እሱ ረጅም ነው፣ እሷ አጭር። ልጅ ሆኖ ለቅዳሴ ሲወጣ እናቱ አንገትጌውን እንድታስተካክልለት እንደሚያደርገው፣ ጎንበስ ብሎ ቆመላት። ዲምፕና ጽጌረዳዋን ኮቱ ላይ ወጋችለት፤ አምስተኛዋ ቅጠል፣ ጎደሎዋ፣ ለሁሉም እንድትታይ ወደ ላይ አድርጋ።

ከዚያ ወደ ሣጥኑ ዞር አለችና "በሉ አሁን ክደኑት" አለች።