ጣሳው ውስጥ ያለው

ደግሞ እኮ ይምላል፣ እናቱ ፊት እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ ይምላል፣ ሦስት ዓመት ያንገበገበኝ ጨጓራ በዚህ ከእንጉዳይ ዱቄት በሚፈላ ቡና ብን ብሎ ጠፋ ይላል፣ ሚስቱ ደግሞ ጀርባዋን ሰጥታ አንዱን ሲኒ ለአራተኛ ጊዜ ታጥባለች። የምን እንጉዳይ። እንጉዳዩንማ እህቱ ባመጣችው በማግስቱ ሕፃኗ ልጃቸው ከነጣሳው ጎትታ እጣቢ ውስጥ ደፍታዋለች፣ ማን ደፍሮ ይንገረው፣ ያን ሰሞን ጨጓራው ተነስቶበት ማንኪያ ሲወድቅ እንኳ ይቆጣ ነበር፣ ሚስቱ ገብስ ቆላች፣ አሳረረች፣ ወቀጠች፣ ጣሳውን ሞላች፣ አፈር አፈር ይላል ብሎ ፊቱን አጨማዶ ጠጣ፣ መድኃኒት መች ይጣፍጣል አለች እህቱ፣ ይኸው ወር ሆነው።

ታዲያ ለምን ተሻለው? ምን ምሥጢር አለው፣ በሚሠራበት ጋራዥ ውስጥ በባዶ ሆዱ የሚገለብጠውን አምስት ሲኒ ቡና እህቱ ይህን እየጠጣህ ሌላ እንዳትነካ ብላ አስተወችው፣ በቃ። ሚስቱ ያንኑ ሁለት ዓመት ሙሉ ብትነግረው ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች ሐኪም አገኘሁ እያለ ሲስቅባት ከርሟል።

ይሳቅ። ዝም ማለት ለምዳለች። አሁን ግን ምን እያለ ነው፣ ይሄን የስኳር ኪኒን ተይው እማዬ፣ ሆድሽን የሚያቃጥልሽ እሱ ነው፣ እንጉዳዩ ስኳርም ያወርዳል ተብሏል። ማን አለ? አማቷም እሺ ብለው ኪኒናቸውን ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ገፋ ያደርጉታል፣ እንዲህ በቀላሉ፣ እንደ ዳቦ ፍርፋሪ። ጣሳው ላይ እኮ በደቃቁ ተጽፏል፣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር ይላል፣ ሁለቴ አንብባዋለች፣ ለዚህ ስምንተኛ ክፍል ይበቃል። ብትናገር ወር ሙሉ ስትቀልጂብኝ ነበር ይላታል፣ ዝም ብትል እኚህ ሴትዮ።

እስቲ ልጄ፣ ለኔም ቅጂልኝ፣ እንደሱ ልዳን፣ ይላሉ አማቷ።

ትቀዳለች። እንፋሎቱ ራሱ ገብስ ገብስ ይሸታል፣ አፍንጫ የለውም ይሄ ሰው?

ገብስ ነው እማማ፣ ራሴ ነኝ የቆላሁት፣ እንጉዳዩ ድሮ ተደፍቷል፣ ኪኒንዎን ይዋጡ።

ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ነው። አማቷ ልጃቸውን ያያሉ፣ ሲኒውን ያያሉ፣ ኪኒኑን ከጫፍ ያነሱና በገብሱ ይውጡታል። ሆዱ ላይ የቀረው የልጃቸው እጅ ቀስ ብሎ ማሸት ይጀምራል፣ ኧረ በስመ አብ፣ ደግሞ ሊያቃጥለው ነው።