ለጊዜው ጥርስ ሠሪ

ቤተሰቡም ሰፈሩም «ሐውልቱ» ይለዋል። ቆሞ ስለሚቀር እንዳይመስላችሁ፤ እሱ እንኳን መቆም፣ መቀመጥም አያውቅም። ስሙ የወጣለት ገና በልጅነቱ ነው። ጭቃ ባገኘበት ሁሉ አፍንጫና ጆሮ እየሠራ «ሳድግ የእማዬን ሐውልት ሠርቼ አደባባዩ መሐል አቆመዋለሁ!» ሲል ሰዉን ሁሉ አሰለቸ። እናቱም ቀላል ሴት አይደለችም፤ «ታዲያ አፍንጫዬን ትንሽ አሳንስልኝ» ትለው ነበር።

እንዳለውም ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ። ምን ያደርጋል፣ ትምህርቱን ሳያጋምስ አባቱ ሞቱ። ታናናሾቹ ደግሞ አየር በልተው አያድሩም። «የዚህ ልጅ እጅ ወርቅ ነው» ያሉ አንድ ጎረቤት ከጥርስ ሐኪም ቤት አገናኙትና ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ተማረ። «ለጊዜው ነው» አለ። አይ ለጊዜው! ታናናሾቹ አድገው፣ አግብተው ወለዱ፤ የእሱም ፀጉር ሸበተ። ዛሬም ታዲያ «ምን ትሠራለህ?» ሲሉት መልሱ «ለጊዜው ጥርስ እሠራለሁ» ነው። ያን ባዶ አደባባይ ላለማየት ሥራ የሚሄደው እንኳ በጓሮ መንገድ ዞሮ ነበር።

ምን አለፋችሁ፣ ጊዜው ሄደና የእናቱ ጥርስ ረግፎ አለቀ። የዚህች ሴት ጨዋታ ጥርስ አያስከድንም ነበር። እሷ ራሷ ስትስቅማ የምትኖርበት ሕንፃ ሰው በየፎቁ አብሯት ይስቃል። ጥርሷ ሲያልቅ መጀመሪያ እጇን አፏ ላይ ጣል ማድረግ አመጣች። ቀጥላ ጎረቤት መሄድ ተወች። በመጨረሻም መሣቁን ተወችው፤ ይሄ ነው የልጇን አንጀት የበላው።

«ልጅሽ ጥርስ ሠሪ ሆኖ!» ይሏታል። ሠርቶላታል እኮ! ያውም ምርጡን፣ ያውም ሁለቴ። የመጀመሪያውን ድዴን ቆረቆረኝ ብላ አወለቀችው። ሁለተኛው ልክክ ብሎ ገባ፤ እሱንም ግን ውሎ ሳያድር ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ከተተችው።

«እማዬ፣ ያምሻል?» አላት አንድ ቀን ሊጠይቃት ሄዶ።

«አያመኝም።»

«ይወልቃል?»

«ኧረ ምን በወጣው!»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

እጇን ከአፏ ሳታነሣ «ቆንጆ ነው፤ የኔ አይደለም እንጂ» አለች። «መስታወት ሳይ አንዲት የማላውቃት ሴትዮ ታፈጥብኛለች። ከማላውቀው ሰው ጋር ደግሞ አልስቅም። ተወኝ በቃ፣ ሌላ እንዳትሠራልኝ።»

ደሙ ፈላ። ብርጭቆውን ከነጥርሱ ይዞ ወጣ። መንገዱን ሙሉ ብቻውን ሲያጉረመርም ነበር፦ «ሐውልቱስ ይቅር፣ አልሆነም። ጥርሱም ለገዛ እናቴ ካልሆነ እኔ ምኑን ሰው ሆንኩት?»

መሥሪያ ክፍሉ ጠባብ ናት፤ ጠረጴዛዋ በጄሶ ዱቄት የነጣ፣ ሰም ማሞቂያ እሳት፣ ሞረድ፣ ጥርስ በየመጠኑና በየቀለሙ የተደረደረበት ሣጥን። የእናቱን ጥርስ ከብርጭቆው አውጥቶ ባለቤቶቹን ከሚጠብቁት ሁለት ሥራዎች ጎን አስቀመጠው። አንዱ የጡረተኛ ሹፌር፣ አንዱ የአንዲት አስተማሪ ነው። አየና ክው አለ። ወይ ጉድ! ሹፌሩም፣ አስተማሪዋም፣ እናቱም አንድ ዓይነት ሣቅ ሊስቁ ነው! ይሄን ሁሉ ዘመን ከሣጥኑ እያወጣ እንደ ጡብ ሲደረድር ኖሯል። ለጊዜው የያዘውን ሥራ ማን ልብ ብሎ ያያል? አፈረ። እውነቴን ነው፣ ማንም በሌለበት ክፍል ብቻውን አፈረ።

ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ፤ ያ ፊት መጣለት። ስንቴ በጭቃ የሠራውን ፊት እንዴት ይርሳው? ፊት ለፊት ያቺ ሰፈሩ ያበደላት ፍንጭት። ከታች ወደ ጎረቤቱ ዘመም ያለ ጥርስ። ደግሞ ጠርሙስ በጥርሷ ስትከፍት የተሸረፈችው ጫፍ፤ «አባትህ መክፈቻ ቢገዛልኝ ኖሮ» ትል የነበረው። እሳቱን ለኮሰ፣ ሞረዱን አነሣ።

ሐኪሟ ብቅ ብላ በትከሻው በኩል አየች። «ምንድን ነው ይሄ? ወደቀብህ እንዴ?»

«አልወደቀም ዶክተር፣ እየሠራሁት ነው።»

«ሰው እኛ ጋ የሚመጣው ክፍተቱን እንድንደፍንለት መስሎኝ!»

«ይቺን ሴትዮ አያውቋትማ!» አለና አቀረቀረ። ምሳውን ረሳ። ከትምህርት ቤት ከወጣ ወዲህ ሥራ ይዞ ምሳ ረስቶ አያውቅም።

በሳምንቱ መጨረሻ ይዞላት ሄደ። እናቱ ገና በሩ ላይ «አትሥራ አላልኩህም?» ብላ ተቆጣች።

«እማዬ፣ የመጨረሻ ነው። ይሄንንም ካልወደድሽው ሥራውን እተወዋለሁ።» የምሩን ነበር፤ እሷም ከዓይኑ አወቀችው። ጀርባዋን ሰጥታው ጥርሱን አደረገችና መስታወቱ ፊት ቆመች።

እሱ ከኋላዋ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ቆየት ብሎ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በቃ፣ አስለቀስኳት ብሎ ሊያቅፋት ሲነሣ ዞር አለች። ሣቅ ነው ለካ! ያ የድሮው ሣቅ!

«የጠርሙሷን ሽራፊ እንኳ አልረሳሃትም፣ አንተ ጉደኛ!»

ከላይ ፎቅ አንዱ፣ ምን እንደሚያስቀው ሳያውቅ፣ አብሯት መሣቅ ጀመረ። ሐውልቱ ግን አለቀሰ፤ ትልቅ ሰውዬ፣ ሽበቱን ይዞ፣ እናቱን አቅፎ ደስ ብሎት አለቀሰ።

እንባውን ጠርጎ ሳይጨርስ ጫማዋን ስታደርግ አያት።

«ወዴት ነው?»

«አደባባይ ነዋ! አቆምሻለሁ ስትል አልኖርክም? በል ና አቁመኝ።»

በጓሮው ሳይሆን በዋናው መንገድ፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወረዱ። አደባባዩ መሐል፣ አበቦቹ አጠገብ ስትደርስ ቆመች። ሁለት እጆቿን ወደ ታች ለቀቀቻቸው፤ አፏ ጋ የሄደ እጅ የለም። መኪኖች እየዞሯት ያልፋሉ፣ እሷ ትስቃለች። ድሮ አብረዋት የሠሩ አንዲት አሮጊት ሮጥ ሮጥ እያሉ መጡ።

«ውይ! አንቺ ነሽ? ምንም አልተለወጥሽም እኮ!» ብለው ሳሟትና ወደ እሱ ዞሩ። «ይሄ ሐውልቱ አይደል? አሁን ምን ትሠራለህ ልጄ?»

እናቱ በጎን አየችው።

«ጥርስ እሠራለሁ» አላቸው፣ አፉን ሞልቶ።