ሃያ አምስት ዓይኖች

፩

«ዓይኑን የሠራው ማነው?»

ይርዳው ወደ ሚስቱ አልዞረም።

«እኔ ነኛ! ሌላ ማን ይሠራዋል?» አለ።

ሚስቱ አስካለ ከጎኑ ተቀምጣ ሥዕል እየጠቀለለች ነበር። እጇ ቆመ። ከዚያ መጠቅለሏን ቀጠለች።

፪

ይህ የሆነው ናይሮቢ ውስጥ፣ በሳምንት አንድ ቀን የእጅ ሥራ በሚሸጥበት ሜዳ ላይ ነው። ጠያቂዋ ወይዘሮ ትብለጥ ናቸው። እዚያው ከተማ ሃያ ዓመት የኖሩ፣ ምግብ ቤት ያላቸው ሴት። ከወር በፊት ከነይርዳው የገዙትን የቅዱስ ያሬድ ሥዕል ከምግብ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል።

«ወንድሜ፣ በየት በኩል ባልፍ ያየኛል» አሉ። «ሰዉ ወጡን አቀዝቅዞ እሱን ነው የሚያይ። አሁን ደግሞ ትልቅ እፈልጋለሁ። የጸሎተ ሐሙስ ማዕድ፣ ግድግዳውን የሚሞላ። ዓይኖቹ ግን እንደዚያኛው ይሁኑ። እንደነዚህ አይደለም።»

«እነዚህ» ያሏቸው መሬት ላይ የተነጠፉትን አሥራ አንድ ሥዕሎች ነው።

ሁሉም የይርዳው እጅ ናቸው።

፫

እዚህ ቁጥር ላይ አስካለ በመመለሻው አውቶብስ ውስጥ የተናገረችው መጻፍ ነበረበት።

 

 

አስካለ የተሳፋሪዎቹን ዓይን እያየች ሄደች።

፬

እውነቱ ይህ ነው። ይርዳው ታይፎይድ ይዞት አሥራ ዘጠኝ ቀን ተኝቶ ነበር። የወደቀው ያሬድን ነድፎ ልብሱን ካስቀባ በኋላ ነው። ፊቱ ባዶ ነበር። ቤት ውስጥ የሚላስ የሚቀመስ ሲጠፋ አስካለ ዓይኑን ሠርታ ሥዕሉን ገበያ አወጣችው።*

* በነገረችው ጊዜ ይርዳው «ጎሽ» ብሏታል። በሽተኛ ነበር።

፭

ዓይን እንዲህ ይሠራል።

መጀመሪያ ሌላውን ሁሉ ጨርስ። ልብሱን፣ ጸጉሩን፣ ጣቱን። ዓይን መጨረሻ ነው።

ደግ ሰው ሲሆን ፊቱን ወደ አንተ መልሰህ ሁለት ዓይን ስጠው። ክፉ ሰው ሲሆን ወደ ጎን አዙረህ አንድ ዓይን ስጠው። አባቶች ያቆዩት ሥርዓት ነው፤ አትጠይቅ።

በማዕዱ ላይ ጌታ አለ፤ ደቀ መዛሙርቱ አሥራ ሁለት ናቸው። ከእነሱ ይሁዳ ባለ አንድ ዓይን ነው። ቁጠር። ሃያ አምስት።

ረዳት ቀለም ይሞላል። ዓይን የአለቃው ነው።

እጅህ እምቢ ካለህ ብሩሽህን አጥበህ ተኛ። ነገም ቀን ነው።

በረዳትህ ከቀናህ

 

(ይህን ያስተማረው ሰው የለም።)

፮

ላሊበላ ላይ ሱቅ ነበረው። ከበሩ በላይ «ሠዓሊ ይርዳው» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሎ ነበር። እሱ ይነድፋል፣ አስካለ ቀለም ትሞላለች፣ እሱ ዓይን ይሠራል። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሩ። መጀመሪያ ኮሮና መጣና ቱሪስቱ ቀረ። ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ። ሱቁ ውስጥ ወታደሮች አደሩበት፤ የሥዕሎቹን ፍሬም እየሰበሩ እሳት ሞቁ። ባልና ሚስቱ ብሩሾቻቸውን በጨርቅ ጠቅልለው በሞያሌ በኩል ወጡ።

ስለ መንገዱ ብዙ ሰው ጽፏል። ይበቃል።

ለዚህ ታሪክ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ነው። ይርዳው ከነበረው ሁሉ የቀረው «አለቃ» የሚለው ስም ብቻ ነበር። እንዲህ ብላ የምትጠራውም አንድ ሰው ብቻ ናት።

፯

ይርዳው በዚያ ሳምንት ያያቸው ነገሮች፦

አስካለ ዳቦ ሻጯን ስታነጋግር የምታየው አፏን ሳይሆን ዓይኗን ነው።

አስካለ ታንጎራጉራለች። ድሮም ታንጎራጉር ነበር። አሁን ግን ሰማው።

አሮጌ ጋዜጣ ጠርዝ ላይ በእርሳስ የተሠሩ ሰባት ዓይኖች። ሁሉም የተለያዩ። ጋዜጣውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ማታ አወጣና አየው። ደግሞ ከተተው።

ቀጭኗ ብሩሽ ጠፋች። ቤቱ ተገለባበጠ። ፍራሽ ሥር ተገኘች። የደበቃት ራሱ ነበር።

፰

አስካለ፦ ለምን ዋሸሃቸው?

ይርዳው፦ ምን ዋሸሁ? ንድፉ የማን ነው?

አስካለ፦ የጠየቁህ ስለ ንድፉ አይደለም።

ይርዳው፦ አንድ ያሬድ ሠራሽና አለቃ ልሁን አልሽ!

አስካለ፦ ኧረ ሚስትነቱም ከብዶኛል፣ አለቅነቱ ይቅርብኝ።

ይርዳው፦ ሳቂ።

አስካለ፦ ምን ላድርግ ታዲያ? አኩርፌ ቀለም ብበጠብጥ ይጓጉልብኛል።

ይርዳው፦ እንዴት ነው የሠራሽው?

አስካለ፦ ምኑን?

ይርዳው፦ ዓይኑን ነዋ!

አስካለ፦ አንተን እያየሁ። ተኝተህ ታየኝ አልነበር? የምትሞት መስሎህ፣ ዓይንህን ከእኔ ላይ አልነቅል ብለህ።

(ይርዳው ወደ ምድጃው ዞረ።)

ይርዳው፦ ሽንኩርቱ አረረ።

፱

ሸራው የክፍላቸውን አንድ ግድግዳ ሸፈነ። አልጋውን ወደ በሩ ገፉት። ይርዳው ነደፈ፤ አስካለ ልብሱን፣ ማዕዱን፣ እንጀራውን፣ ጽዋውን ቀባች። በአሥራ አንደኛው ቀን ዓይን ብቻ ቀረ። አስካለን ወደ ጎረቤት ልኮ በሩን ቆለፈ።

ሁለት ቀን ሠራ። ቅንድቡ እንደ ቀስት፣ ብሌኑ ከመሃል፣ ነጩ ንጹሕ። ጴጥሮስን ሁለቴ ፍቆ ሠራው። ዮሐንስን ሦስቴ። ሃያ አራቱን ጨርሶ ወደ ኋላ ሸሸና ከአልጋው ጫፍ ላይ ሆኖ ተመለከታቸው። ስህተት ፈለገባቸው። አጣባቸው።

ሃያ አራት ዓይን።

አያዩም።

፲

ይሁዳ ቀርቶ ነበር።

ይርዳው በሩን ከፍቶ አስካለን ጠራት፤ ቀጭኗን ብሩሽም ሰጣት።

«እንኪ። ያንቺ ድርሻ ይቺ ናት» አላት።

አስካለ ብሩሹን አየች፤ ይሁዳንም አየች። እነሱ ባደጉበት ሙያ አለቃ የተቀየመውን ረዳት የሚያዋርደው እንዲህ ነው። የክፉውን ዓይን ይሰጠዋል። ይህን ለማወቅ ሃያ ሁለት ዓመት ይበቃል።

«ይሄን ያህል፣ አለቃዬ?»

«ዓይን ዓይን ስትይ አልነበር?»

«እኔ መች አልሁ? ወይዘሮ ትብለጥ ናቸው ያሉት።»

ከሸራው ፊት ተቀመጠች። ሸራውን ግን አላየችም። ብዙ ጊዜ ወስዳ ይርዳውን አየችው። እሱ ፊቱን አዙሮ ብሩሽ አጠበ። የታጠበውን ደግሞ አጠበ።

ከዚያ ሠራችው። አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም።

፲፩

አሁን እዚህ ላይ አንባቢ ከሸራው ፊት ይቁም።

አሥራ ሦስት ሰዎች በማዕድ ተቀምጠዋል። አሥራ ሁለቱ ሥዕል ናቸው። አንዱ ሰው ነው።

ይሁዳ ወደ ጎን ዞሮ ጌታን ያያል። በዓይኑ ውስጥ ክፋት የለም። አብሮ በልቶ፣ አብሮ ጠጥቶ፣ ሌላው ሲወደድ ማየት ያልቻለ ሰው ዓይን ነው። ይወደዋልም፤ አይችለውምም።

ይርዳው ያንን ዓይን አወቀው። ጠዋት ጠዋት ሲላጭ መስታወት ውስጥ ያየዋል።

፲፪

ወይዘሮ ትብለጥ ሦስት ፎቅ ወጥተው፣ እያለከለኩ ገቡ። ሸራውን ሲያዩ ማለክለካቸው ቆመ።

«በስመ አብ! ወንድሜ፣ ጌታን ትተህ ነፍስ የዘራህበት ይሁዳ ላይ ነው?»

«ገና አላለቀም» አለ ይርዳው።

«እንግዳዬ ከይሁዳ ጋር ዓይን ለዓይን እየተያየ ሊጎርስልኝ ነው? አይሆንም! ወይ እሱን እንደ ሌሎቹ አድርገው፣ ወይ ሌሎቹን እንደሱ። ቅዳሜ ሰው እልካለሁ።» ወደ አስካለ ዞሩ። «አንቺስ እኅቴ፣ የትኛው ይሻላል?»

አስካለ የቀለም ጣሳ እየከደነች ነበር።

«እኔ ቀለም ሞይ ነኝ፣ እትዬ። አለቃውን ይጠይቁ።»

፲፫

አርብ ጠዋት አስካለ ነጠላዋን ለበሰች፤ ዘንቢሏን አነሳች።

«ገበያ ልሄድ ነው» አለች። «ስመለስ ያደረግኸውን አያለሁ።»

«ምን ላድርግ?»

«የኔን አንዷን ከደፈንሃት ሥዕሉ ያልቅልሃል፤ ወይዘሮ ትብለጥም ይወስዱታል። ከዛሬ በኋላ ግን ቀለም የሚሞላልህ ሌላ ፈልግ። የራስህን ሃያ አራቱን ደፍነህ ከጠበቅኸኝ ቁጭ ብዬ እሠራቸዋለሁ። ከሥሩም ስሜ ይጻፋል።»

«ያንቺ ብቻ?»

«የሁለታችንም ይጻፍ። የኔ ግን ይጻፋል።»

«ሥዕል ላይ የሴት ስም የት አይተሻል?»

«የትም» አለች፤ በሩንም ቀስ ብላ ዘጋች።

፲፬

ነጭ ቀለም በጠበጠ። ወንበር ላይ ወጣ። ከወንበሩ ላይ ጌታም ይሁዳም እኩል ይደረሳሉ።

ሃያ አራቱ የሃያ ሁለት ዓመት ሙያው ናቸው። የሚባልላቸውን ሁሉ ለራሱ አለ፤ ሥርዓቱን የጠበቁ ናቸው፣ መምህሩ ቢያያቸው አይነቅፋቸውም። ይሁዳን አየው። ሊጠላው ፈለገ። እጁን ዘርግቶ ዓይኑን በመዳፉ ከለለው። ሥዕሉ በሙሉ ጨለመ። መዳፉን አነሳ።

ብሩሹን ነከረ።

ነጭ የተቀቡ ዓይኖች ብዛት፦ ____________

የሠዓሊ ስም፦ ____________

፲፭

ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ። በሩ ተከፈተ። ይርዳው ወንበሩ ላይ እንደቆመ ነበር፤ አልዞረም።

አስካለ ዘንቢሉን ሳታስቀምጥ ሸራውን አየች። ጣቷን ዘርግታ በነጭ የተደፈኑትን ዓይኖች መቁጠር ጀመረች።

«አንድ፣» አለች።

፲፮