ከኋላዋ የሚያልፍ ቶርፒዶ

አምስተኛውም ቶርፒዶ፣ በውኃ ውስጥ የሚተኮሰው ፈንጂ፣ ስክሪኑ ላይ ካለችው የጠላት መርከብ ኋላ አለፈ። ፈረደ ላፕቶፑን በጡጫ ሊለው እጁን አነሳና መልሶ ጠረጴዛውን ደበደበ።

መተማ ዮሐንስ ውስጥ የፊዚክስ መምህር ነው። ባሕር አይቶ አያውቅም፤ የሚያውቀው ትልቅ ውኃ ክረምት ላይ የሚሞላውን የሽንፋን ወንዝ ነው። ከሱዳኗ ገዳሪፍ በመጣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ግን ይህን የሰርጓጅ መርከብ ጨዋታ አገኘና ሦስት ቅዳሜ በላበት። ጨዋታው ራሱ እንዲያነጣጥርለት ማድረግ ይችል ነበር፤ "የፊዚክስ መምህር ሆኜ!" ብሎ አጠፋው። የመርከቧን ርቀት ከምሰሶዋ ቁመት፣ አቅጣጫዋን በዓይኑ፣ ፍጥነቷን በሰዓት እየለካ ደብተር ላይ ያሰላል። ስሌቱን አራት ጊዜ ፈትሾታል፤ ስህተት የለበትም።

ባለቤቱ ባየሽ ነርስ ናት። ከጤና ጣቢያ እንደገባች ነጭ ጋዋኗን እያወለቀች ከጀርባው ቆመች።

"ደሞ ሳትካት?"

"እኔ አልሳትኩም! ጨዋታው ነው የተበላሸው።"

"እስቲ እንዴት እንደምትለካ አሳየኝ።"

እያጉረመረመ አሳያት። የመርከቧ አፍንጫ በሰርጓጁ መመልከቻ መነጽር፣ በፔሪስኮፑ መሃል ያለውን ቀጭን መስመር ሲነካ ሰዓቱን ያስነሳል፤ ጭራዋ ሲያልፍ ያቆማል፤ ርዝመቷን ለሰኮንዱ ያካፍላል።

"ያንተ ሰርጓጅ ቆሟል?" አለች።

"አልቆመም። ከጎኗ እየሄድኩ ነው።"

"አብረሃት እየሄድክማ ቀስ ያለች ትመስልሃለች! እኔ የሕፃን ትንፋሽ የምቆጥረው እናቱ እያወዛወዘችው ነው እንዴ?"

ፈረደ ፊቱ ጋለ። አንጻራዊ ፍጥነትን በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚያስተምረው እሱ ነው። ሰርጓጁን አቆመና እንደገና ለካ። በባሕር ፍጥነት መለኪያ አራት ኖት ትሄዳለች ብሎ ያሰላት መርከብ ሰባት ሆና ተገኘች። የመጨረሻውን ቶርፒዶ ለቀቀ። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይዘው ጠበቁ።

ጓ! አለ፤ ብረት ከብረት ሲጋጭ። ከዚያ ጸጥ።

"መታኻት!" ባየሽ አጨበጨበች።

"አልፈነዳም እኮ! ከሸፈ!"

መርከቧ ነቅታ መጠማዘዝ ጀመረች። ሌላ የሚተኮስ ነገር የለውም።

"ስሌቱ ግን ልክ ነበር" አለች ባየሽ፣ ሳቋን ዋጥ አድርጋ።

ፈረደ ደብተሩን ዘጋ። ከቶርፒዶው መክሸፍ ይልቅ ያንገበገበው ስህተቱን እሷ በአንድ እይታ ማግኘቷ ነው፤ ይህን ደግሞ ሊነግራት አይችልም። ባየሽ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። እሱ ግን መርከቧ ጭሷን እየጎተተች እስክትሰወር ድረስ አንገቱን ወደ ባለቤቱ አላዞረም።